ምናለበት የተከሰሰ ጊዜ

እርጥብ ውሻ እሳት ዳር ሲደርቅ የሚያመጣው ሽታ ብዙ ሰው አፍንጫውን ያስይዘዋል፣ እኔን ግን ያስቀምጠኛል። ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ መንገድ ላይ ያገኘችውን ቡችላ ከዝናብ አምጥታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ከሰሉ አጠገብ ስታኖረው ያ ሽታ ተነሥቶ ወጥ ቤቱን ሞላው፤ ልጄ «ኧረ ይሄን ነገር አውጡልኝ!» ብላ መስኮቱን ልትከፍት ስትል «ተይው» አልኳትና ለምን እንደሆነ ሳልነግራት በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥኩ። ሽታው የምናለበት ነበር። ምናለበት ውሻችን ነው፣ ከሞተ ዘመን አልፎታል፣ ስለ እሱ የሚወራውን ግን እስከ ዛሬ በትክክል ያወራ ሰው ስላልሰማሁ እኔው ልጻፈው ብያለሁ።

ቤታችን ቦንጋ ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ላይ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ አያቱ ከሰሜን የመጡ ወታደር ነበሩ፤ እናቴ ደግሞ የማንኪራ መንደር ልጅ ናት፣ ቡናና እንሰት ውስጥ ያደገች፣ ስትናገር አማርኛዋ በካፊኛ የሚጎተት፣ ስትቆጣ ግን በሁለቱም ቋንቋ የማትደናቀፍ። ከቤቱ ጀርባ እንሰታችን ነበር፣ ከእንሰቱ ጀርባ ጫካው ይጀምር ነበር፤ በክረምት ጉም ከጫካው ወርዶ እንሰቱን ይሸፍንና አጥራችን የት እንዳለቀ የሚያውቀው ውሻችን ብቻ ነበር፣ እሱም ቢሆን አጥር የሚባለውን ነገር አያከብርም ነበር።

በዚያን ዘመን ከጫካው ዳር የሚኖሩ፣ እንጨትና ከሰል ተሸክመው ወደ ከተማ የሚያመጡ፣ የቀረው ሰው ግን ቤቱ የማያስገባቸው ሰዎች ነበሩ። ስማቸውን አብዛኛው ሰው የሚጠራው ለስድብ ስለነበር እኔ እዚህ አልጽፈውም፤ ሰዎቹ እያንዳንዳቸው እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ነበራቸው። እንጨታቸው ቤት ይገባል፣ እነሱ አይገቡም። ምግብ ቢሰጣቸው ከአጥር ውጭ በኮባ ቅጠል ላይ ነው፣ ቅጠሉም ወዲያው ይጣላል። በጠባብ መንገድ ላይ ሰው ቢመጣባቸው ወደ ጭቃው ወርደው ያሳልፋሉ። ይህ ሥርዓት ነው ይባል ነበር። ሥርዓት የሚባለው ነገር ለምን ሁልጊዜ አንዱን ወገን ብቻ ጭቃ ውስጥ እንደሚያቆም በልጅነቴ አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም።

ለእኛ እንጨት ያመጣ የነበረው ሻዎ ይባላል። በአንድ የነሐሴ ገበያ ቀን እንጨቱን አውርዶ ከአጥሩ ውጭ ሲቆም አባቴ የሰውየው ኮት ትከሻ ተቀዶ ዝናቡ በገላው ላይ ሲወርድ አየና «አቶ ሻዎ፣ እስቲ ያንን ኮት ወዲህ በለው» ብሎ በአጥሩ ላይ ተቀብሎ፣ በረንዳው ላይ ካለው የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ ጥፎ መለሰለት። በሚቀጥለው ገበያ ሻዎ ከዚያው ከተጣፈው ኮት ውስጥ አንድ ቀይ ቡችላ አወጣ፤ አንድ ጆሮው የቆመ አንድ ጆሮው የታጠፈ ነበር። «ለስፌቱ ነው» አለ። እናቴ ቡችላውን አልጠላችም፣ ወሬውን ነው የፈራችው፤ «ከእሱ ቤት የወጣ ውሻ ግቢያችን ገብቶ ነገ ማን እኛ ቤት ቡና ይጠጣል?» አለች። አባቴ መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ «ምናለበት?» አለ። ታናሽ ወንድሜ ታደለ ደግሞ ቡችላውን አቅፎ «ስሙ ማን ነው?» እያለ ሲጨቀጭቅ «ነገርኩህ እኮ» ብሎ አባቴ ሳቀ፣ ስሙ በዚያው ቀረ።

ክረምቱ አልፎ ቡና ሲደርስ ምናለበትም አደገ፣ ጥፋቱም አብሮት አደገ። የለቀምነውን ቡና ጀንዲው ላይ አስጥተን ዞር ስንል መሀሉ ላይ ገብቶ፣ ዙሪያውን ሦስቴ ዞሮ ጎድጓዳ አድርጎ ይተኛበት ነበር፤ እናቴ ስትጮህ ተነሥቶ ሲሮጥ በፀጉሩ ላይ የተጣበቀው ፍሬ በግቢው ሁሉ ይንጠባጠብ ነበር። የአባቴን የቤተ ክርስቲያን ጫማ አንዱን እግር ብቻ ወስዶ እንሰት ውስጥ ቀበረው፤ አባቴ «ሁለቱንም ቢወስድ ሌባ እለው ነበር፣ አንድ እግር መውሰድ ግን ንቀት ነው» እያለ እሑድ በሸራ ጫማ ሄደ። ለቅሶ ካለ ከእኛ ቀድሞ ይደርስና አልቃሾች ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እሱም አንገቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ያላዝን ነበር፤ አንዴ የሟች ወንድም ሳያለቅስ ቢቀር ሴቶቹ «ከእሱ ውሻው ይሻላል» ብለው እስከ ሰባቱ ድረስ አሙት። እኛ ልጆች ግን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዳገቱ ግርጌ ድረስ ወርዶ ይቀበለን፣ የታደለን ደብተር በአፉ ይዞ ይሮጥ ነበር፣ ታደለ ሲወድቅ ደግሞ ተመልሶ አጠገቡ ይቆም ነበር፣ እስኪነሣ አይንቀሳቀስም።

በጋው ሲገባ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነበች ጋር የተጣላንበት ነገር መጣ። እትዬ ዘነበች ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ባላቸው ሞቶባቸው ልጆቻቸውን በእንሰት ያሳደጉ፣ ክንዳቸው የበረታ፣ እኔ በወባ ስወድቅ በጀርባቸው አዝለው ጤና ጣቢያ ያደረሱኝ ናቸው። ይህን የምጽፈው እሳቸውም ቢሆኑ በትክክል እንዲወራላቸው ስለምፈልግ ነው። አንድ ቀን ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ለጋ ቅቤ አናታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ላይ ሲያንቀላፉ ምናለበት በአጥሩ ሾልኮ ገብቶ ከኋላቸው ቆመና ቅቤውን ቀስ አድርጎ፣ በጥንቃቄ፣ እስከ ሥሩ ላሰላቸው። እሳቸው ልጃቸው የምትቀባቸው መስሏቸው «እዚህ ጋ ጨምሪ፣ እዚህ ጋ» ይሉ ነበር አሉ። ሲነቁና ዞር ሲሉ የጮኹት ጩኸት ገበያው ድረስ ተሰማ። እናቴ አዲስ ቅቤ ይዛ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች፣ እትዬም ተቀበሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ውሻው ሲያልፍ «ያ የእነሱ ውሻ» ይሉ ጀመር፤ እነሱ ሲሉ እኛን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሰኔ ገባና ዝናቡ ተመለሰ። እትዬ ዘነበች ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሆነው የፋቁትን ቆጮ እንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው፣ ድንጋይ ጭነውበት፣ እስኪብላላ ይጠብቁ ነበር፤ የክረምቱ ምግባቸው ያ ነበር፣ ሌላ አልነበራቸውም። አንድ ማለዳ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ቅጠሉ ተበጣጥሶ፣ ድንጋዩ ተንከባሎ፣ ግማሹ ተበልቶ ግማሹ በጎርፍ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። ምናለበት ደግሞ በዚያው ማለዳ እስከ ዓይኑ ድረስ ነጭ ሆኖ፣ ጢሙን እየላሰ ወደ ቤት መጣ።

«ውሻችሁን አውጡ!» አሉ እትዬ ዘነበች በራችን ላይ ቆመው፣ እንባቸውና ዝናቡ ተደባልቆ። «የልጆቼን የክረምት ጉሮሮ ዘጋው! ድሮስ ከየት የመጣ ነው? ከእነዚያ እጅ የወጣ ነገር ምን ደግ ይሠራል? ወይ ራሳችሁ ግደሉት፣ ወይ እኔ መርዝ አበላዋለሁ።» አባቴ «ሽማግሌ ይየው፣ እስከዚያ ታስሮ ይቆያል» አለ። ምናለበትን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አሰረው። ታደለ ቁርሱን ለእሱ አበላው። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ የቆፈረው እሱ መሆኑን ማን አየ የሚል አንድ ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አላስቀምጥ አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በራችን ላይ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀመጡ፣ ጎረቤቱም ከበበ። ትልቁ አባ ገብሬ ነበሩ፣ ጆሯቸው ትንሽ የደከመ፣ ነገር ግን ቸኩለው የማይፈርዱ። ምናለበት በገመድ ተጎትቶ ሲቀርብ እንደ እንግዳ መሀል ገብቶ ተኛ፣ አዛጋ፣ ከዚያም የአባ ገብሬን ከዘራ ጫፍ በአፉ ይዞ ማኘክ ጀመረ። እትዬ ዘነበች የደረሰባቸውን ተናገሩ፣ እውነታቸውን ስለነበር ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። አባ ገብሬ «እንግዲህ ተከሳሹ ምን ይላል?» ሲሉ ጥቂት ሰው ሳቀ። እኔ ተነሣሁ።

«እኔ እናገርለታለሁ፣ አባባ።»

«አንቺ ምኑ ነሽ?»

«ዋሱ ነኝ።»

«ሴት ልጅ፣ ያውም አፏ ወተት ያልጠገበ፣ ለውሻ ዋስ!» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት ሁለተኛው ሽማግሌ፤ «ዘንድሮ ያላየነው የለም።»

«ሌባ ነው» አልኩ እኔ። «የአባቴን ጫማ ወስዷል፣ የእትዬን ቅቤ ልሷል፣ ቆጮውንም በልቷል፣ አልክድም። ግን ሲቆፍር ያየው ማን ነው?»

«አፉ ላይ ነበራ!» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ያን ጊዜስ አፉ ላይ ቅቤ አልነበረም እንዴ? ቅቤውን እሱ ናጠው?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፣ እትዬ ዘነበች እጃቸውን ወደ ሻሻቸው ሰደዱ፣ አባ ገብሬም አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አባቴ ያን ጊዜ ተነሥቶ ያየ ሰው እንዳለ፣ ያም ሰው ሻዎ እንደሆነ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እንደሚጠብቅ ተናገረ። ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ሁላችንም ዞረን አየነው፤ ያንን የተጣፈ ኮት ለብሶ ካፊያው ላይ ቆሟል።

ሁለተኛው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእነሱ ቃል ከሽማግሌ ፊት ቀርቦ አያውቅም። ይህ ሥርዓት ነው።» እትዬ ዘነበችም «የራሱን ውሻ ሊያድን አይደል የመጣው?» አሉ። አባ ገብሬ ወደ አጥሩ አይተው «ሌላ ምስክር ከሌላችሁ እንግዲህ...» ብለው ጀመሩ፣ አንድ ጎረምሳም ገመዱን ለመያዝ ጎንበስ አለ። እኔ «ዓይን የለውም ወይ? የእሱ ዓይን አያይም ወይ?» ብዬ ጮህኩ። አባቴን አየሁት፣ መሬቱን ያያል። እናቴን ፈለግኋት፣ ወደ ቤት ስትገባ ጀርባዋን ብቻ አየሁ፤ ውሻው ሲወሰድ ላለማየት የገባች መሰለኝና ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።

እናቴ ግን ተመልሳ ወጣች። በእጇ የያዘችው ከምድጃዋ ዳር የማይነሣውን፣ ከእናቷ የወረሰችውን፣ እኛ ልጆች እንኳ የማንቀመጥበትን የራሷን በርጩማ ነበር። በሰዉ መሀል አልፋ በአባ ገብሬና በሁለተኛው ሽማግሌ መካከል አስቀመጠችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ወደ አጥሩ ዞረች።

«ይቀመጡ፣ አቶ ሻዎ።»

ሻዎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እዚሁ ቆሜ እናገራለሁ፣ እመቤት። ጭቃ ነኝ።»

«ጭቃው የኛው ደጅ ጭቃ ነው። ይቀመጡ።»

ሻዎ ገባ፤ የሰዉን ፊት ሳያይ፣ እግሩን እያማረጠ መጥቶ በበርጩማው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሥተው ሄዱ፣ ሌሎችም ተከተሏቸው። አባ ገብሬ አልተነሡም። ከዘራቸው በምናለበት አፍ ውስጥ ስለነበረ ነው የቀሩት የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። እኔ የማውቀው አለመነሣታቸውን ነው።

ሻዎ በቀስታ ተናገረ። በዚያ ማለዳ እንጨት ተሸክሞ ከጫካ ሲወርድ አንዲት የዱር አሳማ ከነልጆቿ ጉድጓዱን ስትቆፍር አየ፤ ምናለበት ከእኛ ግቢ እየጮኸ መጥቶ እስከ ጫካው ዳር አባረራቸው። እዚህ ላይ ሻዎ ውሻውን አየው። «ከዚያ ተመልሶ እሱም በላ» አለ። «ይህንንም አይቻለሁ። አልዋሽም።»

«ሊያድነው የመጣ ሰው እንዲህ አይልም» አሉ አባ ገብሬ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው። ከዚያ ጆሯቸውን በእጃቸው ከልለው «ታዲያ ይህን ሁሉ ስታይ ለጉድጓዱ ባለቤት ለምን አልተናገርክም?» ብለው ጠየቁት።

«ተጣርቻለሁ፣ አባባ። አጥሩ ላይ ቆሜ ተጣራሁ፤ እሳቸው በሩን ከፈቱ። እኔ መሆኔን ሲያዩ ‹ዛሬ እንጨት አልፈልግም› ብለው ዘጉት። አሳማዎቹ ያን ጊዜ ገና መጀመራቸው ነበር።»

ሁሉም እትዬ ዘነበችን አየ። እሳቸው አልካዱም፤ እውነተኛ ሴት ነበሩ፣ መዋሸት አይችሉም ነበር። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አድርገው ዋንዛውን ያዩ ነበር። አባ ገብሬ ከዘራቸውን ከምናለበት አስለቀቁና «ስለ በላው የውሻው ባለቤቶች ከራሳቸው ጉድጓድ ይካሱ፤ ባልቆፈረው ግን አይሞትም» ብለው ፈረዱ። ታደለ ገመዱን ሲፈታው ምናለበት መጀመሪያ የሮጠው ወደ ሻዎ ነበር፣ እርጥብ ኮቱን አሸተተ፣ ከዚያ ወደ እኛ መጣ።

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። እናቴ የካሣውን ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ብትልክ እትዬ ዘነበች ሳይፈቱት መለሱት፤ ሻዎ የተቀመጠበት ቤት ምግብ ሆኗልና። መስከረም ላይ እንሰት የምንፍቅበት ጊዜ ሲደርስ፣ በየዓመቱ ግቢያችንን ይሞሉ ከነበሩት ሴቶች አንዲትም አልመጣችም። በርጩማውን እንድታቃጥለው የመከሯት ነበሩ፤ እናቴ እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሰማቻቸው። ለብቻዋ መፋቅ ስትጀምር እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ እጄ ትንሽ ስለነበር ከሥራው የማበላሸው ይበዛ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ የሻዎ ሚስት መጣች፣ አጥሩ ላይ ቆመች፤ እናቴ ቀና ሳትል «በሩ ክፍት ነው» አለቻት። ገብታ ተቀመጠች፣ ሁለቱም ብዙ ሳይነጋገሩ እስኪመሽ ፋቁ። እናቴ ከዚያ በኋላ ስለ ወሬ ስትጨነቅ አይቻት አላውቅም።

ምናለበት ከሽማግሌ ፊት መቅረቡ ምንም አላስተማረውም። ማለዳ ማለዳ አሳማ ሲያባርር ይቆይና ቀን ቀን ይሰርቅ ነበር፣ የአባቴን ሜትር በልቶ ግማሹን ብቻ መለሰ። ከጊዜ በኋላ እትዬ ዘነበች ድንጋይ መወርወር ተዉ፣ ከዚያም አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ጎንበስ ብለው ሲያበሉት አየሁ፣ «ብላ፣ አንተ ሌባ» እያሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ፤ ያቀረቡለት በሰሃን ነበር። በዚያው ሳምንት ሻዎ እንጨት ሲያመጣላቸው ከአጥር ውጭ በቅጠል ሰጡት። ለውሻው ይቅርታ አደረጉለት፣ ሰውየው ግን ምንም ሳይበድል ይቅርታ ሳያገኝ ቀረ። ይህን ለአባቴ ስነግረው «ቀስ እያለ ይለወጣል» አለኝ። እኔ ቀስ የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አልወደውም።

ምናለበት አርጅቶ፣ የቆመው ጆሮውም ታጥፎ፣ በአንድ የጥቅምት ማለዳ ቡናው ላይ እንደተኛ ሞተ፤ እናቴ ያን ዕለት አልጮኸችበትም። አባቴም እናቴም፣ አባ ገብሬም እትዬ ዘነበችም አልፈዋል። እትዬ ሲቀበሩ አልቅሼላቸዋለሁ፣ ያዘለኝን ጀርባ አልረሳም፤ የዘጉትንም በር አልረሳም፣ ሁለቱም የእሳቸው ነው።

ዛሬ ቦንጋ ሌላ ነች። ዳገታችን ላይ ባጃጅ ይወጣል፣ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ የሻዎ የልጅ ልጆች ተምረው ሥራ ይዘዋል፣ በሕግ ማንም ማንንም ከደጅ ሊያቆም አይችልም። ወጣቶቹ «እማማ፣ ያ ነገር እኮ ድሮ ቀርቷል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ በቅጠል የሚሰጥ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። ለቅሶ ድንኳን ስገባ ግን አያለሁ፤ የፕላስቲክ ወንበሩ ሞልቷል፣ ሁሉም ይቀመጣል፣ የሻዎ የልጅ ልጆችም ይቀመጣሉ፣ ከእነሱ ግራና ቀኝ ያለው ወንበር ግን ድንኳኑ እስኪሞላ ባዶውን ይቆያል። ያን ጊዜ እናቴ የነበራት አንድ በርጩማ ብቻ ነበር። ጉልበቴ ደክሟል፣ ቢሆንም ድንኳኑን አቋርጬ ሄጄ እዚያ እቀመጣለሁ። ልጄ ሁልጊዜ ከወዲያ በእጇ እየጠራችኝ «እማዬ፣ እዚህ ቦታ አለ እኮ» ትለኛለች።

«እዚህም አለ» እላታለሁ።